«ዘይ» ያልካቸው ሴትዮ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን

ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

ሰላምታዬን አላስረዝምብህም፤ ደህና ነን። የአባትህ ጉልበት ደረጃ ላይ ይነጫነጫል፣ አባትህ ደግሞ በጉልበቱ ላይ ይነጫነጫል። እኔ መነጽር ቀይሬያለሁ። አንተስ እህል ትቀምሳለህ? በላክልን የድምፅ መልእክት ላይ ጉሮሮህ የደረቀ መሰለኝ።

ይህን በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። ግን ስልክ ላይ «እሺ እማ» ትለኛለህ፣ እኔም እሺ ያልክ ይመስለኛል። ስለዚህ ጽፌ፣ አባትህ ገጹን አቅንቶ ይዞልኝ፣ እኔው ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ። ፋርማሲስቷ ጎረቤታችን «እኔ ላንሳልዎት» ብላኝ ነበር፤ ዓይኗ ፈጣን ስለሆነ እምቢ አልኳት። ሰኞ አጣሪ ኮሚቴው ፊት ከመቅረብህ በፊት ረጋ ብለህ አንብበው። ከዚያ ደግመህ አንብበው።

የጠየቅከኝ ስለ እንግሊዝኛ ተውላጠ ስሞች ነው። «እማ፣ ዓይነቶቻቸውን በሙሉ ከመጀመሪያው አስረጂኝ፤ 'ዘይ' ስላልኩት ነገር ሊጠይቁኝ ነው» አልከኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው የለም። ቀጥለህ ግን ሌላ ጨመርክበት። «ሰው 'ዘይ' ካለ፣ ማንን ማለቱ እንደሆነ የግድ መናገር አለበት?» አልክ። ደስታዬ እዚያ ላይ ቆመ።

ከትምህርቱ በፊት የሆነውን እንደገባኝ ላስቀምጠው። የተሳሳትኩት ካለ አርመኝ።

አረጋውያን መንከባከቢያው ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ ነው። የምትንከባከባቸውን አዛውንት፣ እኒያን ከአረንጓዴ ሹራባቸው የማይለዩትን ሴትዮ፣ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ገፍተህ ወደ በረንዳው አወጣሃቸው። እሳቸው «ተወኝ፣ ብቻዬን ፀሐይ ልሙቅ» አሉህ። ተውካቸውና ገባህ። ወንበሩ በበረንዳው ተዳፋት ላይ ቁልቁል ተንሸራቶ ከግንቡ ጋር ተጋጨ። ወደቁ፤ የጭናቸው አጥንት ተሰበረ። አንተ በድንጋጤ ለኃላፊዋ ደወልክና «ዘይ ቶልድ ሚ ቱ ሊቭ። ዘይ ፌል» አልካት። ተወኝ አሉኝ፣ ወደቁ ማለትህ ነበር።

እሷ የሰማችው ግን ብዙ ሰው ነው። ብዙ ሰው የወደቀ መስሏት ረዳቶች አስከትላ እየሮጠች መጣች። መሬት ላይ ያገኘችው አንድ ሰው ነው። ረዳቶቹ ሴትዮዋን ይዘው ሲሄዱ ወደ አንተ ዞራ «ታዲያ ጥለሃቸው እንድትሄድ የነገሩህ እነማን ናቸው?» አለች። አንተ ዝም አልክ። በዚያ ፈረቃ ካንተ ጋር የነበረችው ደግሞ ያቺ ባለፉጨቷ ባልደረባህ ብቻ ናት። በዝምታህ ምክንያት ባለፉጨቷ እስከ ሰኞ ከሥራ ታግዳ ቤቷ ተቀምጣለች። ሴትዮዋ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ያን ቀን አያስታውሱም። ኃላፊዋም ለብቻህ ጠርታ «አንተ አዲስ ነህ፤ እሷ ተዋቸው ብላህ ከሆነ እንዲሁ ተናገር፤ ጥፋቱ ያንተ አይሆንም፣ የእሷ ነው» አለችህ።

እንግዲህ «ዘይ» የምትባል አንዲት ቃል ማንን እንደምትተካ በዚህ ዓለም ላይ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም አንተ ነህ። አሁን ወደ ትምህርታችን።

ተውላጠ ስም በስም ቦታ የሚገባ ቃል ነው። ለተማሪዎቼ እንደ ተቀያሪ ተጫዋች ቁጠሩት እላቸው ነበር፤ እሱ ሲገባ የወጣው ማን እንደሆነ ዳኛው ማወቅ አለበት። በመጀመሪያ የሚመጡት ሰውን የሚተኩት ናቸው። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሲሆኑ «አይ፣ ዊ፣ ዩ፣ ሂ፣ ሺ፣ ኢት፣ ዘይ» ይባላሉ። ድርጊቱ ሲያርፍባቸው ደግሞ «ሚ፣ አስ፣ ዩ፣ ሂም፣ ሄር፣ ኢት፣ ዜም» ይሆናሉ። የእኛ ቋንቋ እነዚህን ግሱ ውስጥ ይከታቸዋል። «መታኝ» ስንል መቺውም ተመቺውም አንድ ቃል ውስጥ ተጨናንቀው ተቀምጠዋል። እንግሊዝኛ ግን እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ወንበር ይሰጣቸዋል። ድርጊቱን የሚያደርግ በሌለበት እንኳ ወንበሩ ባዶ አይቀርም፤ ዝናብ ሲዘንብ «ኢት» ብለው ያስቀምጡበታል። የሚዘንበው ማን እንደሆነ ግን አንድም እንግሊዛዊ አልነገረኝም።

ስህተትህ የመጣው ከዚህ ነው፤ ስህተቱም አያሳፍርም። እኛ «ወደቁ» ስንል አንድ አዛውንት ይሁኑ አሥር ልጆች፣ ግሱ አይለይም። እንግሊዝኛ ለትልቅ ሰው የተለየ መጠሪያ የለውም፤ ልጅም አያትም ያው «ሺ» ናት። ሥራ የጀመርክ ሰሞን «እማ፣ እሳቸውን እንዴት አድርጌ 'ዩ' ልበላቸው? አፌ እምቢ አለኝ» ብለህ ደውለህ ነበር። እኔ «ሁሉንም አንቱ ይላሉ ብለህ ቁጠረው» አልኩህ። አባትህ ከኋላ ሆኖ «ሁሉንም አንተ የሚሉ ከሆነ ጥሩ አገር ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ ሁሉ አንተ ይባላል!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። «ዩ» ላይ እንዲህ ተላመድክ። «ሺ» ማለቱ ግን አልሆነልህም፤ ሳታስበው «ዘይ» ስትላቸው ከረምክ። ያ «ዘይ» ከእኛ ቤት የወጣ ነው። ሳደምጠው እንዴት እንዳሳደግንህ ሰማሁበት፣ ደረቴም ትንሽ ሞቀኝ።

ስለዚህ ሰኞ ሲጠይቁህ እንዲህ ብለህ አስረዳቸው፦ «በእኔ ቋንቋ አንድን አዛውንት የምንጠራው በብዙ ቁጥር ነው። 'ዘይ' ያልኩት እሳቸውን ብቻ ነው።» ከዚያ አርመህ በትክክል ተናገረው፤ «ሺ ቶልድ ሚ ቱ ሊቭ ሄር። ሺ ፌል» በል። እኔም ድምፄን አውጥቼ ሞከርኩት፤ ለእኔም አፌ ላይ ከበደኝ።

ይህን ካልክ ባለፉጨቷ ሥራዋ ላይ ትመለሳለች። ግን ልጄ፣ እሷ ከዓረፍተ ነገሩ ስትወጣ በረንዳው ላይ ከሴትዮዋ ጋር የሚቀረው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን አንተም እኔም እናውቃለን። እንቅልፍ የነሳህ ይህ ይመስለኛል። እኔንም የነሳኝ ይኸው ነው።

ሁለተኛ ጥያቄህን አልዘነጋሁም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ዘይ»ን ለአንድ ሰውም ይጠቀሙበታል። ማንነቱን ለማያውቁት ሰው ይሉታል፤ ወይም ሰውየው ራሱ እንዲህ ጥሩኝ ሲል። ኃላፊዋ «ዘይ»ን አንዲት ሴት ላይ ማሳረፏን ሰዋስው አይቃወምም። ሰዋስው በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው፤ የገባውን ሰው ይቆጥራል እንጂ ውስጥ የተደረገውን አያይም። «ማንን ማለቱ እንደሆነ የግድ መናገር አለበት?» ላልከው ግን መልሴ አዎ ነው። ስሙ ያልታወቀ ተተኪ መጥፎ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ስሙን እያወቁ ሌላ ስም እንዲገባበት መተው ደግሞ ከሰዋስው ውጭ የሆነ ነገር ነው፤ እሱን በክፍል ውስጥ አላስተማርኩም።

ትናንት ከምሳ በኋላ ይህን ደብዳቤ ስጀምር አባትህ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የተገነጠለ ጃንጥላ ይጠግን ነበር።

«ምን ብለሽ ነው የምትጽፊለት?» አለኝ።

«የጠየቀኝን።»

«የጠየቀሽን ብቻ ከሆነ ጥሩ። 'ዘይ' ማለት ብዙ ሰው ነው ብለሽ ጻፊና ዝጊው።»

«ብዙ ሰው አልነበረም እኮ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጁ ያለው በሰው አገር ነው! በሰዋስው ልታስባርሪው ነው?»

«ያቺ ልጅስ? ባለፉጨቷ?»

«እሷ አገሯ ነው፤ ሌላ ሥራ አታጣም።»

«አገሯ አይደለም። እንደ ልጅህ መጤ ናት።»

ጃንጥላውን አገላበጠው። «ይህን ማን ነገረሽ?»

«ልጅህ ነዋ። አንተ ስለ ምግቡ ስትጠይቀው እኔ ስለ ሰዎቹ እጠይቀዋለሁ።»

«አስተማሪና ፖሊስ አንድ ናቸው» አለና ስልኩን አነሳ። ጥፋት እንደሌለብህ ሊያሳየኝ ፈልጎ ነው። «ነይ ስሚው! ምን አጠፋ እስቲ?» ብሎ የድምፅ መልእክትህን ከፈተው።

አብረን አደመጥን። «...ወደ በረንዳው አወጣኋቸው፣ ተወኝ አሉኝ፣ ወንበሩ እዚያው ቆመ፣ ፍሬኑ ሳይያዝ ቀረ፣ እኔ ገባሁ...» ትላለህ። አባትህ አቆመው። ዕድሜውን በከተማ አውቶቡስ መሪ ላይ የጨረሰ ሰው መሆኑን ታውቃለህ። ወደ እኔ አላየም፤ ጃንጥላውን ነው የሚያየው።

«'ሳይያዝ ቀረ' ምን ማለት ነው?»

መነጽሬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

«ፍሬን ራሱን በራሱ ይይዛል እንዴ?»

«አይይዝም።»

«ይህን ቃል ዛሬ ነው የሰማሽው?»

«አንተስ?»

«የመጀመሪያውን ቀን» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እኔም የመጀመሪያውን ቀን ነው። ሁለታችንም ሰምተን፣ አንዳችን ከአንዳችን ደብቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ምሳና እራት ስንበላ ሰንብተናል። «ኢች አዘር» የሚባለው ተውላጠ ስም፣ ድርጊቱ ከሁለት ወገን የሚመላለሰው፣ ምሳሌው ይህ ነው። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ባገኝ ደስ ባለኝ።

አባትህ ከዚያ በኋላ ዝጊው አላለኝም። «ጻፊለት፤ ግን አትቆጪው» ብሎ ጃንጥላውን ይዞ ወጣ።

አልቆጣህም። ወደ ራስ የሚመለሱትን ብቻ ላስረዳህ። «ማይሰልፍ፣ ሂምሰልፍ፣ ሄርሰልፍ፣ ኢትሰልፍ» ይባላሉ፤ አድራጊውና ተደራጊው አንድ ሲሆን ይገባሉ። ልጅ ራሱን ያጥባል። ድመት ራሷን ትልሳለች። ፍሬን ግን «ኢትሰልፍ» የለውም፤ እጅ ይፈልጋል። አሁን መልእክትህን እንደ ተማሪ ጽሑፍ አንብበው። «አወጣኋቸው» ላይ አለህ። «ገባሁ» ላይ አለህ። «ሮጥኩ፣ ደወልኩ፣ ደገፍኳቸው» ላይም አለህ። በመካከሉ አንድ ግስ ላይ ብቻ የለህም። አማርኛ ሰውን ግሱ ውስጥ ይከተዋል ብዬህ ነበር፤ «ሳይያዝ ቀረ» ላይ ግን ውስጡን ብፈትሽ ማንንም አላገኘሁም።

እኔ እዚያ አልነበርኩም። ምናልባት ይዘኸው ፍሬኑ ራሱ የላላ ይሆናል፤ እንዲያ ከሆነ «ይዤው ነበር» በል፣ ወንበሩን ይመርምሩት። ምናልባት ሴትዮዋ በእጃቸው ነክተውት ይሆናል፤ ሲነኩት ካየህ ተናገር፣ ካላየህ «አላውቅም» በል። ወይም ደግሞ ሦስተኛው ነው። ሦስተኛውን እኔ አልጽፈውም።

ቅደም ተከተሉን እንዳበላሸሁት ይገባኛል፤ ክፍል ውስጥ እንዲህ አላስተምርም ነበር። የባለቤትነት ተውላጠ ስሞችን ዘልያቸዋለሁ። «ማይ» እና «ሄር» ስም ይከተላቸዋል፤ «ማይ» ካልን በኋላ ጫማ ወይም መጽሐፍ ይመጣል። «ማይን» እና «ሄርዝ» ግን ብቻቸውን ይቆማሉ፣ ስሙን ውጠውታል። ኃላፊዋ «የእሷ ነው» ስትልህ «ሄርዝ» ነው ያለችህ። የዋጠችውን ስም አውጣው፦ ጥፋት። የቱ ጥፋት? ያቺ ልጅ በረንዳው ላይ አልነበረችም። ኃላፊዋ ክፉ ሰው ናት አልልህም፤ ሥራዋ አንድ ስም ፈልጎ ማግኘት ነው፣ የቀረበላትንም ስም ትወስዳለች።

ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን የሚያያይዙት ደግሞ «ሁ፣ ሁም፣ ሁዝ፣ ዊች፣ ዛት» ናቸው። «ሁ» ለሰው ነው፤ ሰውን ከሥራው ጋር ይቋጥረዋል። እኛ ይህን «የ» በምትባል ፊደል እንጨርሰዋለን። ባለፉጨቷን ውሰድ፦ ሰውን በጀርባህ ሳይሆን በጉልበትህ አንሳ ብላ ያሳየችህ። ዝናብ ያበሰበሰህ ቀን ደረቅ ጫማ ከሳጥኗ አውጥታ የሰጠችህ። ከኋላቸው ስትመጣ አዛውንቱ እንዳይደነግጡ ገና ከኮሪደሩ ጫፍ ጀምራ የምታፏጨው። ይህን ሁሉ የነገርከኝ አንተ ነህ፣ ያውም እየሳቅህ። በስሟ ምትክ «ዘይ»ን ብታስገባ እነዚህ ሁሉ «የ» የት ይሄዳሉ?

አመልካቾቹ አራት ናቸው፤ «ዚስ፣ ዛት፣ ዚዝ፣ ዞዝ»። ቅርቡን ይህ፣ ሩቁን ያ። ጥያቄ የሚጠይቁት ደግሞ «ሁ፣ ሁም፣ ሁዝ፣ ዊች፣ ዋት» ናቸው፤ እነሱን ኮሚቴው ሰኞ በሚገባ ያስጠናሃል።

ከሁሉም ይልቅ «አይ» ላይ እንድታተኩር እፈልጋለሁ። በእንግሊዝኛ ይህች ቃል በዓረፍተ ነገሩ የትም ብትገባ የምትጻፈው በትልቁ ፊደል ነው። «አንተ»ም «እሱ»ም ይህን ክብር አላገኙም። ተማሪዎቼ «ኩራተኞች ስለሆኑ ነው» ይሉ ነበር። እኔ የሰማሁት ሌላ ነው፦ በእጅ ሲጻፍ ያቺ ቀጭን ፊደል ብቻዋን ስትቆም ከጎረቤቶቿ ጋር እየተጣበቀች ትጠፋ ነበር፤ እንዳትጠፋ ብለው አሳደጓት ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለሁም። አንተ ግን ሰኞ ከኮሚቴው ፊት ስትቆም ረጅም ዓረፍተ ነገር አትፈልግ። በእሷ ጀምር። ከእሷ ቀጥሎ የሚመጣው ግስ ራሱ ይመጣል።

ምን እንደሚከተል አላውቅም። ሊገስጹህ ይችላሉ፣ ሊያሰናብቱህም ይችላሉ። ልጄ ነህ፤ በውስጤ «ዝም በል» የምትል ሴት አለች፣ እሷንም ዝም ለማሰኘት ነው ይህን ያህል የጻፍኩት። ያቺ ልጅ እናት ካለቻት፣ እሷም ዛሬ ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች።

ሆስፒታል ሄደህ ሴትዮዋን ጠይቃቸው። ባያስታውሱህም ስምህን ንገራቸውና እጃቸውን ያዝ።

አጥንታቸውን የሚጠግን እሱ ያንተንም ልብ ይጠግንልህ። አንደበትህ አይታሰር፣ አይዋሽ። ከክፉ ሰውም ከክፉ ቃልም ይሰውርህ። ወጥተህ ስትገባ፣ ሰኞም ማክሰኞም፣ ከአንተ ጋር ይሁን።

እናትህ

ሳልረሳው፦ አንድ ዓይነት ዘልዬብሃለሁ። ማንነታቸው ያልተወሰነ የሚባሉት፣ «ሰምዋን፣ ኤኒዋን፣ ኖባዲ» ናቸው። ምሳሌ ሳፈላልግ አባትህ በክፍልህ ውስጥ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ግድግዳውን ቀለም ይቀባል። «ምን ታየህ ደግሞ?» ስለው «አንድ ሰው ሊመጣ ይችላል» አለኝ። ለ«ሰምዋን» ጥሩ ምሳሌ ነው ብዬ ጻፍኩት። አልጋውን ለማስረዘም ሜትር ሲዘረጋ ግን ከበሩ ላይ ሆኜ አየሁት፤ የለካው በአንተ ቁመት ነው።